አዴ ዘይነባ ያልተቀበለችው ቦት ጫማ

አዴ ዘይነባ መሞቷን የሰማሁት ወፍጮ ቤት ነው። ገብስ ላስፈጭ ተራ ይዤ ቆሜ ሳለሁ አንድ ጎረቤቷ አየኝና፣ «ኦቦ ሁሴን፣ አልሰሙም እንዴ? አዴ ዘይነባ አረፈች። ከዙህር በኋላ ነው ቀብሩ» አለኝ። ገብሱን እዚያው ጥዬ ሄድኩ። አላህ ይርሐማት።

ቀብሩ በሰላም አለፈ። የተናደድኩት ለቅሶ ቤት ነው። ቀድሞ ከሠራችበት መሥሪያ ቤት የመጣ አንድ ጎልማሳ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ለሰማውም ላልሰማውም፣ «እንደ እሷ ያለ ታዛዥ ሠራተኛ አልነበረንም። ትሁት ነበረች፣ ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም ነበር» ይላል። ዞር አልኩበት።

«ማን ናት ታዛዥ?»

«ሟቿ ናት እንጂ፣ አባባ።»

«ታውቃታለህ?»

«በአካል እንኳ አላውቃትም። መሥሪያ ቤቱን ወክዬ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው ዝም በል።»

ሰው ደነገጠ። «ኦቦ ሁሴን፣ ለሙት መልካም መልካሙ ነው የሚወራ» ብለው እጄን ያዙኝ። እኔ መቼ ክፉ አወራሁ? ታዛዥ ነበረች ማለት ነው ክፉ ወሬ። እሷ ታዛዥ ብትሆን ኖሮ ከጭላሎ ተራራ ስንት ሴት እያነከሰች ትወርድ ነበር! ለቤተሰቡ ስል ተነሥቼ ቤቴ ገባሁና ይህን መጻፍ ጀመርኩ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ስጽፍ እስክርቢቶው ከማረሻ ይልቅ ይከብደኛል። ቢሆንም ሴትዮዋን ሁለት ጊዜ ሲቀብሯት ዝም ብዬ አላይም።

አዴ ዘይነባ በጭላሎ ተራራ ሥር ባለው የችግኝ ጣቢያ የሴቶቹ ካቦ ነበረች። ሠራተኛ የምታሰማራ፣ የምትቆጣጠር እሷ ናት። እኔ የዚያው ጣቢያ የዕቃ ቤት ዘበኛ ነበርኩ። ክረምት ሲገባ ሴቶቹ ችግኝ በሳጥን ተሸክመው ወደ ላይ ይወጣሉ። ቀኑን ሙሉ ሲተክሉ ውለው በዚያው ቁልቁለት ይወርዳሉ። የእኛን አገር ክረምት ላላየ ሰው ልንገረው። ጉሙ ከመሬት አይነሣም፣ ቀዩ አፈር ሲርስ ሳሙና ነው። «እዚህ ላይ ሰውን የሚያቆመው አላህና ጫማው ነው» ትል ነበር ዘይነባ። የሰፈራችን ሼህ ሰምተው፣ «አላህን ከጫማ ጋር አትደምሪ» ብለው ቢቆጧት፣ «አላህን አስቀድሜ ነው እኮ የጠራሁት» አለቻቸው።

ረጅም፣ ቀጭን፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ የምትሄድ ሴት ነበረች። ስትናደድ ጉትቻዋን ትነካካለች። ሰላምታዋ ረጅም ነው፣ እንደ አገራችን። «አከም ጂርታ» ብላ ጤናህን፣ ልጆችህን፣ ከብትህን፣ ዝናቡን ሁሉ ትጠይቃለች፣ ዐይኗ ግን እግርህ ላይ ነው። ሰላምታው ሲያልቅ ፍርዱ ይመጣል። «የጫማህ ተረከዝ ወደ ውጭ ተበልቷል፣ ወገብህን ያምሃል አይደል?» ወይም፣ «ይሄን የሸጠልህ ማነው? ደመኛህ ነው?» አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ ሙሽራውን፣ «ጫማህ ጠቦሃል፣ ፊትህ ላይ ያስታውቃል» ብላው የሙሽራው ዘመዶች ሳያናግሯት ከረሙ። እንግዲህ ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም የተባለችው ይቺ ናት።

ለምን እንዲህ እንደሆነች የገባኝ ቆይቶ ነው። እናቷ በባዶ እግራቸው ቀይ አፈር ሲረግጡ የኖሩ ሴት ነበሩ። እግራቸው አበጠ። ያ እብጠት የሚድን አይደለም፣ እየከበደ ነው የሚሄድ። ሰው፣ «ተረግማ ነው» አላቸው። ሠርግም ለቅሶም መጥራት ተዉአቸው፣ ቤታቸው ተዘግተው ሞቱ። ዘይነባ ይህን የነገረችኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያውም የችግኝ መደብ እያረመች፣ ቀና ሳትል። «እናቴን ማንም አልረገማትም፣ ሁሴን» አለችኝ። «ጫማ ነው ያጣችው።»

ጫማ ስትመርጥ ማየት ነበረባችሁ። አሰላ ገበያ አብሬያት የወረድኩ ጊዜ፣ እኔ አንድ ጥቁር ቦት አንሥቼ ወድጄው ቆሜያለሁ፣ ያብረቀርቃል። ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ይሄ የሙሽራ ነው። አንተ ልታገባ ነው?»

«ምን ነውር አለው?»

«ጠዋት ጠዋት ጫማ አይገዛም፣ እግር ገና አልነቃም። ሲደክም ነው ትክክለኛው እግር።»

ከሥራ በኋላ እንድንመለስ አደረገችኝ። ያኔም ወፍራም ካልሲ አስለበሰችኝና፣ «በል ከገበያው ጀርባ ያለችውን ዳገት ውጣና ውረድ» አለችኝ። ነጋዴው ወጣት ነው፣ ትዕግሥቱ አለቀ።

«እናቴ፣ ጫማ ነው የምትገዙት ወይስ በቅሎ?»

«በቅሎ ብትሆን ጥርሷን አይቼ እለቅህ ነበር» አለችው።

እኔ ሰው እየሳቀብኝ ወጣሁ፣ ወረድኩ። «ሽቅብ ሲወጡ ሁሉም ጫማ ያቆላምጣል» ትላለች። «ጠባዩ የሚታወቀው ቁልቁል ነው። ጣትህ አፉን ከመታው ተወው። ተረከዝህ ከተነሣም ተወው።» ከዚያ ምላሱን ታያለች፣ ከጎኑ ጋር ተሰፍቷል አልተሰፋም፣ ጭቃ በዚያ ነዋ የሚገባው። በጥፍሯ ሶሉና ቆዳው የተጋጠሙበትን ትከተላለች፣ ክር ትፈልጋለች። ክር ካጣች ሳትናገር ታስቀምጠዋለች። በመጨረሻ ያስገዛችኝ መልኩ የማያምር፣ ቡናማ፣ ደንደን ያለ ነገር ነበር። ዛሬ እሱን አድርጌ ነው የቀበርኳት።

ሁልጊዜ ልክ ነበረች ብዬ ግን አልዋሽም። የጎማ ቦቲ አትወድም ነበር። «እግር ይቀቅላል፣ ውስጡ ድስት ነው» ትላለች። እኔ የችግኙ መደብ ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ላይ ነው የምዞረው፣ ቆዳ እዚያ አይሆንም አልኳት። አልሰማ አለች። የጎማ ቦቲ ብገዛ አኩርፋኝ ከረመች። በሌላ ክረምት ቤቷ ጎራ ስል ከጓሮዋ የጎማ ቦቲ በእንጨት ላይ ተደፍቶ ይደርቃል።

«ይሄ የማን ነው?» አልኳት።

«የልጄ ነው።»

«ልጅሽ ድሬዳዋ አይደለም እንዴ?»

«እሱ ድሬዳዋ ነው። ጫማው እዚህ ነው» አለችና በሩን ዘጋችብኝ። ተሳስቻለሁ የሚል ቃል አላህ ለእሷ አልሰጣትም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ለተከላ ሴቶች ቦት ጫማ ተገዛ ተባለ። ከዚያ በፊት የሚሰጥ ነገር አልነበረም። አንዷ የባሏን፣ አንዷ የፕላስቲክ፣ አንዷ በረባሶ አድርጋ ነው የምትወጣው። ስለ ጫማው ማመልከቻ እያስጻፈች፣ በየስብሰባው እየተነሣች የጨቀጨቀች ዘይነባ ናት። መኪናው ሳጥኑን ሲያራግፍ ሴቶቹ እልል አሉ። ጥቁር ነው፣ ያብለጨልጫል፣ በስስ ወረቀት ተጠቅልሏል።

ዘይነባ አንዱን አነሣች። አፉን ይዛ አጠፈችው። ጫማ የሚታጠፈው ጣት በሚታጠፍበት ነው፣ ያ ግን መሐል ለመሐል እንደ ካርቶን ተሰበረ። በጥፍሯ ዙሪያውን ፈለገች፣ ክር የለም። ሸተተችው።

«ማስቲሽ ነው» አለች። «የተጣበቀ እንጂ የተሰፋ አይደለም። ቆዳው ራሱ ቆዳ አይደለም።»

እልልታው ቆመ። ያኔ የጣቢያው ኃላፊ መጣ። ስሙን አልጽፍም፣ ልጆች አሉት። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ሰው ነው፣ ሥራውን አያውቅም አልልም። ሴቶቹ ጫማውን ሳይነኩ መቆማቸውን አየ።

«አንቺ፣ ለምንድነው ሰው የማይረከበው?»

አንቺ ስላላት፣ «አንተ» አለችው። «ጫማው እስኪመጣ እየጠበቅን ነው።»

«ይሄ ምንድነው ታዲያ?»

«ይሄ ሳጥን ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱ ቀላ። ከዚያም ያችን ቃል ተናገረ። «ትናንት በባዶ እግራችሁ ስትሄዱ የነበራችሁ፣ ዛሬ ጫማ አማረጣችሁ?»

ዘይነባ ጉትቻዋን ይዛ እግሩን አየችው፣ ረጅም ጊዜ አየችው። እኔም አየሁ። የእሱ ጫማ ወፍራም ቆዳ ነው። ሶሉ ዙሪያውን በድርብ ክር ተሰፍቷል፣ ምላሱ ከጎኑ ጋር ተያይዟል።

«ያንተን አውልቅና ለእነዚህ አሳያቸው» አለችው። «እንደዚህ ነው ያልነው።»

ዞሮ ሄደ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰው ሳያውቅ ቢያጠፋ አላውቅም ነበር ይላል፣ ያልፋል። ይሄ ሰው ለራሱ እግር ሲሆን አሳምሮ ያውቃል። አውቆ ነው ያንን ያመጣው። የሴት እግር ነው፣ የገጠር እግር ነው፣ ምን ይሆናል ብሎ ነው።

በማግስቱ ትእዛዝ አወጣ። አዲሱን ጫማ ያላደረገች ወደ ላይ አትወጣም፣ ያልወጣች ደግሞ የቀን ሂሳቧ አይታሰብላትም። ደሃ ምን ያደርጋል? ብዙዎቹ እያቅማሙ አደረጉት። ከእነሱ አንዷ ከዲጃ ናት፣ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ሆዷ ገፍቷል። ባሏ ዴራ ወርዶ ቀን ሥራ ይሠራል። ዘይነባ ክንዷን ያዘቻት።

«ከዲጃ፣ አታድርጊው። ያ አሮጌሽ ይሻልሻል።»

«አዴ፣ ሂሳቤን ቢይዙብኝስ? ከፊቴ ወሊድ አለ።»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«እርስዎን መቼ ሰምተው ያውቃሉ?» አለች ልጅቷ። ክፋት የለባትም፣ እውነቷን ነው።

ዘይነባ የራሷን አሮጌ ቦት አጥብቃ አሰረችና ትእዛዙን ጥሳ አብራቸው ወጣች። «የእኔን ሂሳብ ይያዝ» አለች።

ከዙህር በፊት ጩኸት ሰማን። ከዲጃ ሌላ ችግኝ ልታመጣ ባዶ ሳጥን ተሸክማ ስትወርድ የአንዱ ጫማ ሶል ከፊት ተላቀቀ፣ ታጠፈና እግሯን ያዛት። ከነሳጥኑ ተንከባለለች። አንድ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው ያስቆማት። በቃሬዛ አወረዷት። ዘይነባ ከፊት ከፊት ትመጣለች፣ አፉን የከፈተውን ጫማ በብብቷ ይዛለች። ከዲጃን ሐኪም ቤት አደረሷት። እግሯ ተሰብሯል፣ ፅንሱ ግን ተረፈ፣ አልሐምዱሊላህ።

ለኃላፊው ሲነገረው ምን አለ? «ነፍሰ ጡር ሆና ማን ተራራ ውጪ አላት? አካሄዷን አላወቀችበትም። ጫማው ምን አደረገ?»

ይህን ሴቶቹ ሁሉ ሰሙ። ዘይነባ አፉን የከፈተውን ጫማ እንደያዘች ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዐሱር በኋላ ሴቶቹ እሷ ደጅ ተሰበሰቡ። እኔ የከዲጃን ነጠላ ላደርስ ሄጄ ስለነበር ሰማሁ። ዘይነባ ሲንቄ እናውጣ አለች። ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን ዘንግ ናት። ሴት ስትበደል፣ ይልቁንም ነፍሰ ጡር ስትነካ፣ ሴቶች ሁሉ ዘንጋቸውን ይዘው ከቤት ይወጣሉ። በዳዩ ይቅርታ ሳይጠይቅ አይመለሱም። ሲንቄ ይዘው ከቆሙበትም ወንድ አቋርጦ አያልፍም። ይህ የቆየ ነው፣ ማንም አይደፍረውም።

አንዲት ባልቴት ግን ተቆጡ። «ዘይነባ፣ ተይ። ሲንቄ ለጫማ ወጥታ አታውቅም። መሳቂያ ታደርጊናለሽ።»

«ለጫማ አይደለም የማወጣት» አለች። «ጫማውን ብቻዬን እጣላዋለሁ። ነፍሰ ጡር ወድቃ፣ አካሄዷን አላወቀችበትም ለተባለችው ነው።»

ያኔ ባልቴቷ፣ «እኔም እመጣለሁ። የሚደግፈኝ ሰው ላኩልኝ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት የጣቢያውን በር ልከፍት ስሄድ ሴቶቹ ከደጅ ቆመዋል፣ ዘንጋቸውን ይዘው በዝግታ ይዘምራሉ። ያን ሁሉ ጫማ መሐል ላይ ከምረውታል። ዝናብ ይወርዳል፣ ማንም አልተጠለለም። ኃላፊው በመኪና መጣ። ሾፌሩ የአሰላ ልጅ ነው፣ ሲያያቸው ሞተሩን አጠፋ።

«ምን ሆንክ? እለፍ እንጂ» አለው ኃላፊው።

«አላልፍም ጌታዬ።»

«ጥሩምባ ንፋላቸው፣ ይለቃሉ።»

«ሲንቄ አቋርጬ ቤቴ ብገባ እናቴ በር አትከፍትልኝም» አለና ቁልፉን መቀመጫው ላይ አስቀምጦ ወረደ። አጥር ሥር ሄዶ ቁጢጥ አለ።

ኃላፊው ነገሩ አልገባውም። እኔን ጠራኝ፣ «አንተ ዘበኛ፣ አስነሣቸው» አለኝ። «እኔም እናት ነበረችኝ» አልኩት። መጨረሻ ላይ ዞሮ በጓሮ በኩል በአጥር ተንጠላጥሎ ገባ። ቢሮው ተቀመጠ። የሚያዘው ሰው ግን አልነበረም። ወንዶቹ ሠራተኞችም ከውጭ ቀሩ።

ነገሩ ከተማ ወረደ፣ ሽማግሌዎች መጡ። ትልቁ ኦቦ ገመዳ ነበሩ፣ ንግግራቸው ጥቂት የሆነ፣ ሰው የሚያከብራቸው። ኃላፊውን ብቻውን ወስደው መከሩት። ምን እንዳሉት አላውቅም፣ ሲወጣ ግን ፊቱ ሌላ ነው። የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ ሴቶቹ ፊት ቆመና ጎንበስ ብሎ፣ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አለ። ይህን አልነሣውም፣ ብሏል።

ሲንቄ ይቅርታ ለጠየቀ ይቅርታ አትነፍግም። ዘይነባ መረቀችው። «ልጆችህ ይደጉ፣ እናትህ ትኑርልህ፣ እግርህ እንቅፋት አይምታው» አለች። ሴቶቹ አሜን አሉ። ሁሉም ደስ አለው። ኦቦ ገመዳም፣ «በሉ ልጆቼ፣ አልቋል። ጫማችሁን አንሡና ወደ ሥራችሁ» አሉ።

አንዳንዶቹ ጎንበስ ማለት ጀምረው ነበር።

«ሰውየውን ይቅር ብያለሁ» አለች ዘይነባ። «ጫማውን አልቀበልም።»

«ዘይነባ» አሉ ኦቦ ገመዳ፣ «እርቅ ልታፈርሺ ነው?»

«አላፈረስኩም አባቴ። እርቄ ከሰው ጋር ነው። ከማስቲሽ ጋር ምን እርቅ አለኝ?»

ሰው አጉረመረመ። ልክ የላትም ይቺ ሴትዮ አሉ። ኃላፊውም ቀና አለ፣ «ጫማው ደህና ነው፣ ልጅቷ ተሰናክላ ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ ወደ እሱ አጋደሉ፣ አየሁ። ለዓመት የተገዛ ዕቃ በአንዲት ሴት ቃል እንዴት ይመለሳል? ነገሩ በቀጭን ክር ነበር የተንጠለጠለው። ሴቶቹ ያን ጫማ አድርገው ክረምቱን ሊገፉት ነው፣ እሷም ብቻዋን እብድ ተብላ ልትቀር ነው።

«እንግዲያው አባቴ» አለች ለኦቦ ገመዳ፣ «ከመፍረድዎ በፊት አንዱን ያድርጉት። የሰው ነገር ሲሰሙ ሁለቱን ወገን ይሰሙ የለም? ጫማውንም ይስሙት። ዳገቱ ላይ እስካለው ግራር ወጥተው ይውረዱ። ከጸና እኔ ነገ አደርገዋለሁ፣ ቃሌ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ፣ «በዚህ ዕድሜያቸው ጭቃ ልታስረግጫቸው!» አለ። ኦቦ ገመዳ ግን እውነተኛ ሽማግሌ ነበሩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን አወለቁ። ልካቸው የሆነ ተፈለገላቸው። እኔ ክንዳቸውን ይዤ ወጣን።

ሽቅብ ስንወጣ ምንም አልሆነም። ግራሩ ጋ ቆመው ተነፈሱና፣ «ሁሴን፣ ደህና ጫማ ይመስለኛል» አሉኝ። ከታች ኃላፊው እጁን ኪሱ ከቶ ያየናል። ዘይነባ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች።

መውረድ ጀመርን። ጥቂት እንደሄድን እግራቸው ሸርተት ብሎ ቆመ፣ ጭቃው ጫማውን ያዘው። ሲነጭቁት ላዩ መጣ፣ ሶሉ እዚያው ቀረ። ባልይዛቸው ኖሮ ኦቦ ገመዳን እኔ ነበርኩ የምገድላቸው። እሳቸው ቆም ብለው ጭቃው ውስጥ የቀረውን ሶል አዩት። ጎንበስ ብለው ነቅለው ያዙት። በአንድ እግራቸው ጫማ፣ በሌላው በካልሲ እየረገጡ፣ እያነከሱ ወረዱ። ማንም አልሳቀም።

ሶሉን ኃላፊው እጅ ላይ አኖሩት።

«ልጄ» አሉት፣ «እኔ ሰው ነው የማስታርቅ። ይሄን ጫማ ሰፊ ነው የሚያስታርቀው።»

«ሰፊም አይችለው» አለች ዘይነባ።

ያ ሁሉ ጫማ ወደ መጣበት ተጫነ። ክረምቱ ከተጋመሰ በኋላ ሌላ መጣ፣ ድርብ ስፌት፣ ምላሱ የተያያዘ። ዘይነባ አንድ በአንድ አጠፈችው፣ በጥፍሯ ዞረችው። ከሳጥኑ ውስጥ ጥቂት መልሳ ሌላውን አሳለፈች። ሴቶቹ አድርገው ወጡ፣ አንድም አልወደቀችም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ለቅሶ ቤት የመጣው ሰውዬም እዚህ ላይ ብተወው ይወድ ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት ሠራተኛ ሲጠራ የዘይነባ ስም አልተጠራም። ስትጠይቅ፣ «የካቦነቱ መደብ ታጥፏል» አሏት። በዚያው ሳምንት አንድ ወንድ ካቦ ሆኖ መጣ። የታጠፈ መደብ ላይ እንዴት ሰው ይቀመጣል? እኔ ሄጄ ጠየቅሁ። «ዘበኛ በር ይጠብቅ» አሉኝ።

ሴቶቹ፣ ከዲጃም ልጇን አዝላ፣ ዘይነባ ቤት ሄዱ። ሲንቄ እናውጣልሽ አሏት። እኔም ነበርኩ። እንቢ አለች።

«ለነፍሰ ጡር አወጣናት፣ ሰው ሰገደላት» አለች። «ለእኔ እንጀራ ካወጣናት ዱላ ትሆናለች። ከዚያ ማን ያከብራታል?»

«አዴ፣ ይሄም በደል ነው እኮ» አለች ከዲጃ።

«በደል ነው። ግን የእኔ ነው። ወደ ሥራሽ ሂጂ፣ ልጅ ይዘሻል።»

ሴቶቹ ሲወጡ ቀረሁ። «ግትር ነሽ» አልኳት። «እነሱ የሚፈልጉት ይሄንኑ ነው፣ ዝም እንድትይላቸው።»

«አንተ ደግሞ ሥራ አጥተህ መጨቃጨቅ ትወዳለህ።»

«በራስሽ ላይ ፈረድሽ።»

«ፈርጄ ከሆነ የሚጎዳው የእኔ እግር ነው» አለችና ድንቿን መለየቷን ቀጠለች።

በዚህ ጉዳይ ትክክል ነበረች አልልም። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሰዎቹ ያሰቡት ሞላላቸው። የምስጋና ወረቀት አልሰጧት፣ ደህና ሁኚ የሚል አልነበረም። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ድንች እየሸጠች ኖረች፣ ሰው ግን ጫማ ሊገዛ ሲል መጀመሪያ እሷን ፈልጎ ይወስዳታል። ድንቿን ለጎረቤት ነጋዴ አደራ ብላ ትሄዳለች። አንድም ጊዜ ሰልችቷት አላየሁም። ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩዋት መጥፎውን ከጠረጴዛ ሥር ያስገባሉ ይባላል። እውነት ነው፣ እኔ ራሴ አይቻለሁ።

መጨረሻ ያየኋት በዚህ ክረምት ነው። ሕመም አጎሳቁሏት ነበር። ደጃፏ ላይ ጋቢ ተከናንባ ተቀምጣለች፣ እኔም አጠገቧ። ጠዋት ነው፣ የተከላ ሴቶች በዚያ በኩል ወደ ተራራው ያልፋሉ። አብዛኞቹ ልጆች ናቸው፣ እኛን አያውቁም። ዘይነባ አንዷን በእጇ ጠራቻት። ልጅቷ ምስኪን አሮጊት ውኃ የፈለገች መስሏት መጣች።

«እግርሽን አንሺ።»

«ምን?»

«አንሺ እልሻለሁ።»

አነሣች። ዘይነባ ጫማውን ያዘች፣ አጠፈችው፣ በጥፍሯ ስፌቱን ዙሪያውን ተከተለች። ክሩ አለ፣ ድርብ ነው። ከዚያ ዓመት ወዲህ መሥሪያ ቤቱ የተጣበቀ ገዝቶ አያውቅም። አልደፈረም። ዘይነባ እግሯን ለቀቀችላት።

«ይሁን፣ ሂጂ» አለቻት።

ልጅቷ ጥቂት ሄዳ ተመለሰችና ወደ እኔ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «አባባ፣ እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው? እግሬን እንደ ፈረስ ኮቴ ነው የመረመሩት።»

«ካቦሽ ናት» አልኳት።

«የእኛ ካቦ ወንድ ነው እኮ።»

«እሱን አላልኩሽም።»